ሳይበስል የሚፈላ ውሃ

መንዝ ላይ ውሃ ሳይበስል ይፈላል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ከተማ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ላይ የሚጫነው ነገር ይቀላል፤ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ገና 90 አካባቢ ሲል መንተክተክ ይጀምራል። ምጽዋ ላይ ውሃ ለመፍላት የሚያየውን አበሳ እዚህ አያይም። መንዜ ኩሩ ነው ይባላል፤ ውሃውም የአገሩ ልጅ ነውና ነካ ሲያደርጉት ይገነፍላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንቆርቆሪያው ክዳኑን እያስጨበጨበ ‹‹ደርሻለሁ!›› ይላል እንጂ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ገና ጥሬ ነው። ባቄላ የቀቀለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቆላ ላይ ሲበሉት የሚፈርስ ንፍሮ፣ መንዝ ላይ ያን ያህል እሳት ፈጅቶም ከጥርስ ጋር ይሟገታል።

ይህንን ሳይረዱ ሻይ የሚያቀርቡ ሰዎች ምን እንደሚያቀርቡ ልንገራችሁ። መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል፣ ስሙ ይቆየንና፣ አስተናጋጇ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ፣ ከጎኑም በክር የታሰረች ከረጢት ይዛ መጣች። ውሃው ከኩሽና እስከ ጠረጴዛዬ በመንዝ ብርድ መካከል ሲጓዝ ከዘጠናው ዲግሪ ስንት እንደቀረው እግዜር ይወቅ። ከረጢቷን ነከርኳት፤ ውሃው ቢጫ ሆነ። ክሯን ይዤ አሽከረከርኳት፤ አሁንም ቢጫ ነው። በማንኪያ አንቄ ስጨምቃት ትንሽ ቀላ አለ። ቀለሙ መጣ፤ ጣዕሙ ግን ጣርማ በር ላይ መኪና አምልጦት ቀርቷል። ሂሳቡን ግን የተጠየቅሁት የሻይ ነው።

የመንዟ አክስቴ ሕግ አጭር ነው፤ ቅጠል ይፈላል እንጂ አይነከርም። ውሃው በሙቀት ያጣውን በጊዜ ይከፍላል ማለቷ ነው። አፈላሏን በቅርብ ስላየሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ማንቆርቆሪያው፦ ሆዱ በኩበት ጭስ ጠቁሮ የጠገበ፣ እጀታው በሽቦ የተጠገነ። አንዲት ምራቷ ለደግነት ብላ በአመድ ፈትጋ ብታበራው ‹‹ዕቃዬን ራቁቱን አስቀረሽው›› ተብላለች። ውሃው ሲንተከተክ ቀረፋ ስባሪ፣ ቅርንፉድ ጥቂት ፍሬ፣ ኮረሪማ ደግሞ ከቅርፊቱ ወጥቶ በሙቀጫ ሸክሸክ ተደርጎ ይገባል። ቅመሙ ከውሃው ጋር እስኪተዋወቅ ቅጠሉ እጇ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። እሱም ገብቶ አንዴ ገንፈል ሲል ማንቆርቆሪያውን ወደ ምድጃው ዳር ትስበዋለች፤ እዚያ ቀስ እያለ ይቆያል። እንጨት በጠፋበት አገር የኩበት እሳት ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ አይነድም፣ አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ያበስላል። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ብትጠይቋት ‹‹ዳማ ፈረስ እስኪመስል›› ትላለች። ዳማ ፈረስ ያላየ ሰው ሻይ ማፍላት አይችልም ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ካፌ ችግር አሁን ገባኝ።

ቅጠሉ የአገር ነው፤ ከካፋው ውሽውሽ ወይም ከኢሉባቦሩ ጉመሮ እርሻ። ሁለቱም ዝናብ በማያጣው ምዕራብ ናቸው። መንዝ ውርጭ ላይ የሻይ ችግኝ ብትተክሉ ያዘናችሁለት እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ። ካፋ ግን ይገርመኛል፤ ቡናን ለዓለም ከሰጠ በኋላ አርፎ መቀመጥ ሲችል ለሻይም መሬት ቆረሰለት።

አፈላሉን በሕግ ያወጡት ደግሞ እንግሊዞች ናቸው፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1980 ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ስድስት ገጽ ጽፎ ደረጃ አወጣ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በዚያው ዓመት ‹‹አይ.ኤስ.ኦ. 3103›› ብሎ ቁጥር ሰጠው፦ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ክዳን ያለው የሸክላ በራድ፣ የፈላ ውሃ፣ 6 ደቂቃ። እርግጥ ዓላማው ሻይ ቀማሾች በአንድ ዓይነት አፈላል ቅጠል ከቅጠል እንዲያወዳድሩ ነው እንጂ እንግዳ እንዲደሰት አይደለም። ቢሆንም ለሳቅ የሚሸለመው የ‹‹ኢግ ኖቤል›› ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1999 ለብሪታንያው ጽሑፍ ተሰጥቷል፤ ያውም በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ። እኔ ያልሳቅሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ‹‹የፈላ ውሃ›› ሲሉ የትኛውን ነው? የለንደኑን ነዋ! መሐል ሜዳ ላይ መመሪያውን አንዲት ፊደል ሳያጓድሉ ፈጽመው፣ ከላይ ያልኳችሁን የሆቴል ሻይ የመሰለ ነገር ማግኘት ይቻላል።

ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ ከደረጃ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ፣ በጥር 1938 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1946፣ አንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ ስለ ሻይ አፈላል 11 ደንቦች ጽፏል። ‹‹1984››ን የጻፈው ሰው ነው፤ መንግሥት ሰው ቤት ገብቶ እንዳያዝዝ ሲሟገት ኖሮ እሱ ራሱ ኩሽናችን ገባ። ብዙው ደንቡ ያስማማል። ውሃው ቅጠሉን ሲነካ በፍላቱ ላይ እያለ መሆን አለበት ይላል፤ አክስቴ ይህንን ብነግራት ‹‹እሱማ ያወቀ ነው›› አለች። ወተት ቀድሞ ይግባ ወይስ ሻይ የሚለውን ጭቅጭቅም አነሣሁላት፤ ዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ቤት የሥራ ፈት ሙግት ነውና ጆሮም አልሰጠችው። እሷና ኦርዌል የተጣሉት የመጨረሻው ደንብ ላይ ነው።

‹‹ስኳር አይግባበት ይላል፣ እትዬ።››

‹‹ማን ሞቶበት?››

‹‹ማንም አልሞተበትም። ስኳር የሻይውን ጣዕም ያጠፋዋል ነው የሚለው።››

‹‹እንግዲያው አጥቶ ነው። ያጣ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራ፤ አጣሁ አይልማ። አገሩ የት ነው?››

‹‹እንግሊዝ።››

‹‹ወይ ግሩም፣ መንዜ ነው የሚመስል!››

ቤት ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን አጣርቼዋለሁ፤ አክስቴ ብዙም አልሳተችም። ኦርዌል ያንን ሲጽፍ ጦርነቱ ካለቀ ዓመት አልሞላውም፤ እንግሊዝ ውስጥ ሻይም ስኳርም በራሽን ነበር። ስኳር ከራሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለ1946 የመስቀል ሰሞን ደረሰላቸው። ጣፋጭ አልወድም ያለው ሰውዬ እውነቱን ይሁን ከኩራቱ፣ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ዘንቢል ይዞ ለስኳር የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ ይፍረድ። ስኳር ሲጠፋ ‹‹እኔ እንኳ ድሮም አልወደውም›› የሚል ጎረቤት ያልነበረው ማን ነው? ግሼ ራቤል በኩል አንድ ቤት ስገባ ቡና በጨው ቀርቦልኛል፤ የቤቱ እመቤት ከስኳር ይልቅ ጨው ቡናን እንደሚያነቃ አስረድታኝ፣ እንደ ኦርዌል ደንብ ግን አልጻፈችውም።

አክስቴ ስኳሩን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨምራ ነው የምታቀርበው። ‹‹ስንት ማንኪያ?›› ብሎ እንግዳን መጠየቅ እሷ ዘንድ ነውር ነው። እንግዳ ይሉኝታ ይዞት አንድ ይላል፣ አንድ ያለውን በአንድ መተው ደግሞ ንፉግነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀርቶ ሁሉም እኩል ይጣፍጥለታል። ሐኪም ስኳር የከለከለው አጎታችን የራሱን ትንሽ በራድ ለይታ እንድታፈላለት ሦስት ሽማግሌ ልኳል።

ሌላው የጠብ ምንጭ ሎሚ ነው። አማቾቻችን የመርሐቤቴ ሰዎች ናቸው፤ ዓለም ከተማ ማዶ፣ ጀማ ወንዝ ወደሚወርደው ቆላ የተጠጉ። እነሱ ሲመጡ ሎሚ በፌስታል ይዘው ነው። እዚያ ታች ውሃው ከእኛ ይልቅ ጥቂት ዲግሪ ሞቆ ስለሚፈላ ሻዩም ቶሎ ይደርስላቸዋል፤ እነሱም እንደ ሻያቸው ቶሎ የሚደርሱ ሰዎች ናቸው፤ ብርጭቆ ገና እጃቸው ሳይገባ ሎሚውን ከሁለት ሰንጥቀው ይጠብቃሉ። ጠብ ሲያደርጉበት ያ ሁሉ የተደከመለት ዳማ ቀለም ዓይኔ እያየ ገርጥቶ ወደ ወርቅማነት ይሄዳል። የሎሚ ኮምጣጣነት የሻይን ቀለም እንደሚያፈዝ ኬሚስቶችም ይናገራሉ። አክስቴ ለአማች ክብር ስትል ምንም አትልም። ዞር ብላ ግን ‹‹ፈረሴን አመድማ አደረጉብኝ›› ትለኛለች። እኔ ሎሚውን እወደዋለሁ፤ በአደባባይ ግን አልተነፍስም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ጦስኝ። እስካሁን ያወራሁት ከሩቅ ስለመጣ ቅጠል ነው። የመንዝ የራሱ ሻይ ጓሳ ሜዳ ላይ እግር ሥር የሚበቅለው ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ። ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ይታጨዳል። ጦስኝ አጭር ነው፣ ከመሬት አይለይም፤ ሳያዩት ይረግጡታል፣ ሽታው ነው ‹‹ረገጥከኝ›› የሚለው። ደርቆ ገበያ ይወርዳል፣ ሽሮና በርበሬ ውስጥ ይገባል፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ እሱን ይላል። የመንዝ በግ ሥጋው የሚጣፍጠው ጦስኝ ስለሚግጥ ነው የሚሉም አሉ፤ በጉን የሚሸጡት ናቸው።

እዚህ ላይ የአክስቴ ሕግ ይገለበጣል። ጦስኝ አይፈላም! ውሃው ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ ጦስኙ ያን ጊዜ ገብቶ ወዲያው ይከደናል፤ ክዳኑ ክፍተት ካለው በላዩ ሳህን ይደፋበታል። ምክንያቱ ይገባኛል። የጦስኝ ሽታ ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶች ነው፤ እነዚህ ከእንፋሎት ጋር ብን ብለው የሚሄዱ ናቸው። የሻይ ቅጠል ጣዕሙን በልመና ነው የሚሰጠው፣ ጦስኝ ግን ያለውን ሁሉ ይዞ በመስኮት ለመውጣት ይቸኩላል። ለዘጠናው ዲግሪ የመንዝ ውሃ የተሠራ ሻይ ቢኖር ይሄ ነው፤ ለንደን ላይ ለእሱ የተጻፈ ደረጃ አለመኖሩ የእነሱ ጉዳት ነው።

የአክስቴ ጎረቤት ግን አትስማማም። እሷ ጦስኙን ከውሃው ጋር ጥዳ፣ ክዳን ከፍታ፣ እስኪበቃው ታንተከትከዋለች። አክስቴ አንድ ቀን ደጅ ሆና ሽታው ሲመጣባት አላስቻላትም።

‹‹አንቺ፣ ጦስኙን እኮ ለመንደሩ አጠጣሽው፤ ለብርጭቆው ምን ሊቀርለት ነው?››

‹‹ቤቱም ይታከም እንጂ፣ እትዬ። ጉንፋኑ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው።››

መልሱ መልስ ነው፤ አክስቴም ለጊዜው ዝም አለች። ግን መንዝ ርስት ለሁለትና ለሦስት ትውልድ ሲያሟግት የኖረ አገር ነው፣ ጦስኝ በአንድ ቃል አይዘጋም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ጉንፋን ይዞት የዳነ ሁሉ በማን ጦስኝ እንደዳነ ይጠየቃል፤ ምስክርነቱም ይያዛል። እኔ የሄድኩ ለት ሁለቱም ቤት እጠራለሁ፣ ሁለቱም ቤት እጠጣለሁ፣ ሁለቱም ቤት ‹‹እህ፣ እንዴት ነው?›› እባላለሁ። አክስቴ ቤት የተከደነው ይሻላል ብዬ ፈርሜያለሁ። ጎረቤት ቤት ደግሞ ሽታው ሳይጠጣ ያድናል ብዬ ፈርሜያለሁ። ባለፈው ሁለቱ ሴቶች ገበያ ላይ ተገናኝተው ቃሌን አስተያይተዋል አሉ፤ ለመጪው ፋሲካ ስመጣ ሁለቱም ማንቆርቆሪያ አንድ ቤት ተጥዶ፣ ፊት ለፊታቸው ቀምሼ እንድናገር ቀጠሮ ተይዞብኛል። በጠበቃ መቅረብ ይቻል እንደሆነ አስጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።