ምድጃ ምረጥ አሉኝ

በዚህ ዕድሜዬ የሚያሳስበኝ የመቃብር ቦታ መሆን ሲገባው፣ ልጆቼ ምድጃ ምረጥ ብለው ያዙኝ። ወጥ ቤቱ ሊታደስ ነው አሉ። ታላቋ «ኤሌክትሪክ ብቻ ይሁን» ትላለች። ታናሽየው «ጋዝ ያልገባበት ወጥ ቤት ወጥ ቤት አይደለም» ይላል። እናታቸው በበኩሏ ከሰሏን የሚነካ ሰው ካለ ከእሷ ጋር እንደሚተዋወቅ አስታውቃለች። ሦስቱ መስማማት ሲያቅታቸው፣ ሽሮ እንኳ አማስሎ የማያውቀው ሰውዬ ዳኛ ሆኖ ተሾመ። በእኛ ጊዜ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ብቅ ካለ «ምን ጠፍቶብህ ነው?» ይባል ነበር። አሁን «አባዬ፣ አስተያየትህን ስጠን» ይሉኛል። ስሰጥ ደግሞ የሚሰማኝ የለም። ሹመት ያለ ሥልጣን ማለት ይኸው ነው።

ሲጀመር ጥፋቱ የምድጃው አይደለም፤ ወጥ ቤትን ከጓሮ አንሥቶ ሳሎን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ነው። የዱሮ ሰው ማድ ቤቱን ከትልቁ ቤት ነጥሎ የሠራው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ጭሱ እዚያው፣ የሽንኩርቱ ሽታ እዚያው፣ ሐሜቱም እዚያው ይቀር ነበር። ዛሬ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ ቡልቡላ የሚገተረው ፎቅ ሁሉ «ኦፕን ኪችን» ነው። እንግዳው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደጠቆረ፣ ቅቤው ስንት ማንኪያ እንደገባ ቆጥሮ፣ ኮቱን በርበሬ በርበሬ አሽትቶ ይሄዳል። የኮንዶሚኒየም ንድፍ ያወጡት ሰዎች እንኳ እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ እንደሚያስፈልገን ገብቷቸው የጋራ ቤት ለብቻው ሠርተውልን ነበር። የቦሌው አፓርታማ ግን እኛ ሳንድዊች እየበላን የምንኖር መስሎታል። እሳቱ ሳሎን ከገባ ወዲያ ጭሱ መውጫ አጣ፤ የምድጃ ምርጫ የሚባለው ጣጣም አብሮ ገባ።

ልጄ የኤሌክትሪክ ጠበቃ ናት። ክርክሯም ውኃ ያነሣል፦ «አባዬ፣ ወንዙ የእኛ፣ ግድቡ የእኛ፤ ለምን ከውጭ በመጣ ጋዝ እንቀቅላለን?» እውነቷን ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። እኔም ቦንድ ገዝቻለሁና ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ስታካፍሉት ግድቡ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግላል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ምጣድ ማጋል በሚችል አገር የእኔ ቤት አንዷ ምጣድ ለምን ለብ ብላ ትቀራለች?

መልሱን የነገረኝ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው። ችግሩ ግድቡ ጋ አይደለም፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ሰፈር ውስጥ ነው። ለጥቂት ቪላ ተብሎ የተተከለው ትራንስፎርመር ዙሪያውን ፎቅ ከበበው። ፎቁ በሙሉ ምጣድ፣ ቦይለርና ስቶቭ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጅ ትንሽ ሲወርድ ሙቀቱ በብዙ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 180 ሲሆን ምጣዱ ከኃይሉ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የቀረው በጋጋሪዋ ጥፋት እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ የተወቀሰች ሴት በዚህ ከተማ አለች!

እኛ ቤት በዚህ የተነሣ ሕግ ወጥቷል፤ ምጣድ ሲጣድ ቦይለር ይጠፋል፣ ካውያ አይነካም፣ እኔም ሻይ አልጠይቅም። አንዷ ምጣድ ብቻዋን 16 አምፔር ያህል ትስባለች፤ የተለመደው ሶኬት ደግሞ ከዚያ በላይ አይችልም። ልጄ ይህን ስነግራት «ሽቦ ይቀየራል» ትላለች። የጋዝ ጠበቃ ነኝ የሚለው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የባሰበት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለክል ፈጥኖ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ቻርጀሩ 7 ኪሎዋት ነው፤ የሁለት ምጣድ ያህል ማለት ነው። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ገትሮ ሲሞላ የእኛ አምፖል ዓይኑን ያጨነቁራል። መኪናው በመብራት ይሂድ፣ ወጡ ግን በነዳጅ ይሠራ ባይ ነው። ይኼን ፍልስፍና የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ የቱ እንደሆነ ይነገረኝ።

ስለ አውዳመት ዋዜማ ደግሞ እናውራ። በየበዓሉ ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ከዋዜማው ጀምሮ ሥራ እንዲያቆሙ በሬዲዮ ይነገራል። ለምን ቢሉ፣ አገር ምድሩ ዶሮ ጥዷላ! ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ለዶሮ ወጥ መንገድ ሲለቅ ከዚህ አገር በቀር የት ታይቷል? እኔ በዚህ እኮራለሁ። ኩራቱ የሚያበቃው ሽንኩርቱ ግማሽ ድረስ በስሎ መብራቱ ድርግም ሲል ነው። ግማሽ የበሰለ ሽንኩርት ይዞ በጨለማ የቆመ ቤተሰብ የሚናገረው ነገር ለጽሑፍ አይመችም። ግድብም ቢሆን ዝናብ ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ እንደነበር ልጆቼ ረስተውታል። እኔ አልረሳሁም፤ የሽማግሌ ሥራው ምን ሆነና!

እሺ፣ ጋዝ ይሁን። ጋዝ ይታዘዛል፤ ወተቱ ሊገነፍል ሲል ጠምዘዝ ብታደርጉት እሳቱ ወዲያው ዝቅ ይላል። የኤሌክትሪኩ ስቶቭ ግን ካጠፋችሁትም በኋላ ለረጅም ጊዜ ግሎ ይቆያል፤ ወተቱም እያያችሁት መሬት ይደርሳል። ይሁንና ሲሊንደር የሚባለው ፍጥረት የሚያልቀው እንግዳ ደጅ ሲደርስ ብቻ ነው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ከነብረቱ ከ25 ኪሎ አያንስም። ሊፍቱ ሲቆም እሱን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ጎረምሳ «ፋዘር፣ ጨመር አድርጋ» ይለኛል። ፋዘር! አባቱን የማላውቀው ልጅ፣ ያውም አንተ አንቱ ሳይል፣ ጨመር አድርጋ።

ዋጋውንስ ምን ልበላችሁ? ጋዙ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብሩ ሲወርድ ሲሊንደሩ ወጣ። ዱሮ የአሰብ ማጣሪያ ነበረልን፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ። ታናሹ ልጄ ይህን ስናገር «አባዬ፣ ካሉብ ተመርቋል እኮ» ይለኛል። የካሉብ ጋዝ ኦጋዴን ውስጥ የተገኘው እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ በ1960ዎቹ ነው። ፕሮጀክቱ በመስከረም 2018 ሲመረቅ እኔ በከዘራ ደርሻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን እዚያ የሚወጣው በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ፈሳሽ ለመሆንም ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። የእኛ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግን ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ እነሱ ጠበቅ ብለው ከታመቁ በተራ ብረት ውስጥ ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ካሉብ ተመረቀ ተብሎ የገርጂ ሲሊንደር አይሞላም።

የወጪውን ነገር ወረቀት ላይ አወጣሁት፤ ጡረተኛ ጊዜ አያጣም። አንድ ኪሎ ጋዝ ውስጥ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለ፤ በአንድ ሙሉ ሲሊንደር 160 ያህል። ነገር ግን ከነበልባሉ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከመቶ 40 ገደማ ነው፤ የቀረው የድስቱን ጎን ልሶ ጣሪያውን ያሞቃል። በኤሌክትሪክ ስቶቭ ከመቶ 70 ያህሉ ድስቱ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር የሚሠራውን ወጥ በ90 ኪሎዋት ሰዓት መብራት መሥራት ይቻላል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ይበል እንጂ፣ 90 ኪሎዋት ሰዓት ዛሬም የሲሊንደሩን ዋጋ አያክልም። የማታምኑኝ የካርዳችሁንና የሲሊንደራችሁን ደረሰኝ ጎን ለጎን አድርጉት። በዚህ ነጥብ ልጄ አሸንፋለች፤ እስካሁን ግን አልነገርኳትም።

ልጄ ግን ድሏን አታውቅበትም። ተራው ስቶቭ አንሷት ኢንደክሽን ካልሆነ አለች። መስተዋት የመሰለ ጥቁር ነገር አመጣች፤ እሳት የለው፣ ፍም የለው። እናቷ የሸክላ ድስቷን ብትጥድበት ጩኸት አሰምቶ ጠፋ። የአልሙኒየሙን ብትሞክር አሁንም ጠፋ። ጀበናዋን ስታስቀምጥማ ጭራሽ አላውቃትም አለ! ለካ ማግኔት የሚይዘው ድስት ካልሆነ አይሠራም። ቡና የማያውቅ ምድጃ ቦሌ ድረስ መጥቶ ምን ይሠራል? መግዛት ያማራችሁ ካላችሁ የፍሪጅ ማግኔት ይዛችሁ በየድስታችሁ ቂጥ ላይ ለጥፉ፤ ካልያዘ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ድስቱንም በሙሉ ልትገዙ ነው።

የልጆቼ እናት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ «አንተ ሰው፣ ወጥ የሚጣፍጠው በምድጃው ሳይሆን በትዕግሥት ነው» አለችኝ። ትክክል ነች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ አንዴ መንተክተክ ከጀመረ፣ በጋዝም ሆነ በመብራት እሳቱን ብታጋግሉት ሽምብራው አይቸኩልም፤ ገንዘባችሁ ይተናል እንጂ። የቸኮለ ሰው ፕሬዠር ድስት ይግዛ።

እሷ ግን ትዕግሥቷ የሚሠራው ከሰል ላይ ብቻ ነው። ከሾላ ገበያ ኩንታሉን ታስመጣለች፣ ላቀች ምድጃዋን በረንዳ ላይ ታወጣለች፣ ቡናዋን ታፈላለች። በቡናው አልከራከርም። የምከራከረው ብርድ ሲሆን ፍሙን ወደ ቤት ስታስገባው ነው። «ጭስ የለውም እኮ» ትላለች። ሰው የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መስኮቱ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ አዲስ ቤት ፍም አስገብቶ መተኛት ሳይነቁ መቅረት ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ጋዙም የራሱ ጠባይ አለው። ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚሸተው ሰው እንዲያውቀው ተብሎ ሽታ ስለተጨመረበት ነው። ሽታው ከመጣ ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ መብራት አታብሩም አታጥፉም። ጎማው ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታየው በሳሙና አረፋ ነው። «ቆይ ልየው» ብሎ ክብሪት የሚጭር ጎረቤት ካላችሁ ቤት ቀይሩ።

ቨርጂኒያ ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ እዚህ ጋዝ ሊከለከል ነው» አለኝ። እውነትም የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ሕንፃ ወጥ ቤቱ በጋዝ እንዳይሠራ ሕግ አውጥቷል። ነበልባሉ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አስም ላለበት ልጅ አይበጅም ይላሉ። ደህና ነው፣ እኛም መስኮት እንክፈት። ግን የሰው ዕድል ይገርማችሁ፤ እነሱ በቧንቧ ቤታቸው ድረስ የሚገባውን ጋዝ ለመተው ሲሟገቱ፣ እኛ ባዶ ሲሊንደር አቅፈን እንሰለፋለን።

ፍርዴ ይኸውና። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት የአዲስ አበባን ወጥ ቤት አይተው መሆን አለበት። ነጋዴው ከእኛ ቀድሞ ገብቶታል፤ ሦስቱ በጋዝ አንዱ በመብራት፣ ወይም ሁለት በሁለት የሆነ ምድጃ በየሱቁ ደርድሯል። ሁለት በሁለቱ ይገዛ። የዘወትሩ ወጥ በመብራት ይሠራ፤ ርካሽ ነው፣ የራሳችንም ነው። ሲሊንደሩ ሞልቶ ጥጉን ይያዝ፤ ለዋዜማና ለጨለማ። ከሰሉ ለቡና ብቻ፣ ያውም በረንዳ ላይ። ከሁሉም በፊት ግን ምድጃ ሻጩ ጋ ሳይሆን ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ይኬድ፤ ለምጣዱ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ያስገባ። ታናሹም መኪናውን ሰው ከተኛ በኋላ ይሙላ።

ቦሌና አያት ላይ ፎቅ የምትገትሩ ወገኖቼም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ መስተዋትና እብነ በረድ ቀንሳችሁ መስኮት ያላት፣ በር ያላት፣ የምትዘጋ ትንሽ ማድ ቤት መልሱልን። ልጆቼ ደግሞ ፍርዱን ሰምታችኋልና በሚቀጥለው ፍሪጅ ምረጥ ብላችሁ እንዳትመጡ። እኔን የምትጠሩኝ ምሳ ሲቀርብ ብቻ ነው።