ፍሬንን ያስናቀ ድንጋይ

የኢትዮጵያን የጭነት ትራንስፖርት ደግፎ ያቆመው ማን ነው ቢባል ባለሥልጣኑ መንገዱን፣ ባለሀብቱ ገንዘቡን፣ ሹፌሩ ልምዱን ይጠራ ይሆናል። ሁሉም ተሳስተዋል። ደግፎ ያቆመው ድንጋይ ነው። የእጅ ፍሬኑ መያዝ ከተወ ዘመን ያስቆጠረ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም፣ ረዳቱ ከጋቢናው ዘሎ ወርዶ የኋላ ጎማው ሥር ታኮ ይሸጉጣል። ታኮው ከጠፋም አገሩ ድንጋይ ነው። የውጭ ምንዛሪ አይፈልግ፣ ቀረጥ አይከፈልበት፣ ጉምሩክ አያውቀው!

ይህን በአሮጌ መኪና ላይ የተሰነዘረ ዘለፋ አድርጎ የሚወስድ እንዳይኖር። የጭነት መኪናው ፊያት 682 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ሹፌሮች “ኤንትሬ” የሚሉት ዝርያው በአግባቡ ከተያዘ ለልጅ የሚወረስ ብረት ነው፤ ሜካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በቁልፍና በመዶሻ ይፈታዋል፣ ኮምፒውተር አምጡልኝ አይልም። ደግሞም “አልቃይዳ” የሚል ስም የወጣለት የሚከንፈው አይሱዙ እንጂ አዝጋሚው ኤንትሬ አይደለም። ሽማግሌው ብረት ምንም አላጠፋም። የሚያስደንቀው አያያዙ ነው።

የአያያዙ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መንጃ ፈቃድ ለመውሰድ የተማረ ሁሉ እንዲህ ያለውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረድ ተብሏል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋልና። ብልሁ ሹፌር ግን ዜሮ ማርሽ ያስገባል፤ ነዳጅ ተወዷላ! ከብልህም ብልህ የሆነው ጭራሽ ሞተሩን ያጠፋል። የንፋስ ፍሬን አየሩን የሚያገኘው ሞተሩ ከሚያዞረው ኮምፕሬሰር መሆኑና ደጋግሞ ሲረገጥ የተጠራቀመው አየር ማለቁ፣ ለእሱ የፋብሪካ ሰዎች ወሬ ነው።

መሀል ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ዳር ይያዝና ረዳቱ ጀሪካኑን አንስቶ የሚጨሰው ታምቡር ላይ ውሃ ይቸልስበታል። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ እንደሚችል ማንም አንጥረኛ ያውቃል፤ ደግነቱ አንጥረኛ ከባድ መኪና አይነዳም። ታምቡሩም እንቢ ካለ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቅዱስ ገብርኤል አለ። ባለንብረቱ ለሜካኒክ መክፈል የሰሰተውን ሥራ መልአኩ በነጻ ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል።

መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽ ደግሞ ድንጋይ ተጨማሪ ሹመት ያገኛል። ከኋላው በመስመር ይደረደራል፣ ቅጠልም ይጎዘጎዝለታል። ጥገናው ሲያልቅ ሹፌር፣ ረዳትና ጭነት ይሄዳሉ፤ ድንጋዩ ግን ከሥራ ገበታው አይነቃነቅም። ሌሊት የሚመጣው ሚኒባስ እዚያው ያገኘዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። በእስራኤል፣ በቂርያት ማላኪና በገደራ ያሉ ወገኖች “ቴስት” የሚሉት ነገር ነው። በዚያ አካባቢ፣ በ40 ቁጥር መንገድ ዳር መኪና የተበላሸበት ሹፌር አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክቱን ከኋላ ርቀት ላይ አቁሞ ጎታች ይጠብቃል። ምስኪን! በዚያ ሁሉ ሜዳ ድንጋይ ጠፍቶበት ይሆናል።

ሦስት ማዕዘኑ ኢትዮጵያም ሞልቷል፤ እንዲያውም ከመኪናው ዕቃ ሁሉ የሚከበረው እሱ ነው። ለቦሎ፣ ማለትም ለዓመታዊው ምርመራ ቀን መኪናው ይታጠባል፣ ያለቀው ጎማ ወርዶ የተዋሱት ይገጠማል፣ የሚያፈሰው ዘይት ይጠረጋል፣ ሦስት ማዕዘኑም ከነላስቲኩ ከወንበር ሥር ይወጣል። ተመርማሪው ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ከበሩ ሲወጣ የተዋሰውን ጎማ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ሦስት ማዕዘኑን ደግሞ፣ ላስቲኩን እንዳይቀድበት አስጠንቅቆ፣ ከኋላው ወረፋ ለያዘው ወዳጁ ያውሰዋል።