ሳጥን የገደሉ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር ዲርድሪ ራሺድ የምትባል ሴት አንድ አጭበርባሪ ባጠፋው ጥፋት ተፈርዶባት ወህኒ ወረደች። አገር ተቆጣ። ጋዜጦች ትፈታ ብለው ዘመቱ፤ ስሟ የታተመበት ካናቴራ ተለበሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ ስለ ጉዳዩ ተናገሩ። ተዋናይቷ አን ከርክብራይድ ግን ቀረጻው ሲያልቅ በሰላም ቤቷ ትገባ ነበር። ዲርድሪ ከ1960 ጀምሮ በሚታየው «ኮሮኔሽን ስትሪት» ድራማ ውስጥ የነበረች ገጸ ባህሪ ናት።

አዲስ አበባም በዚህ አትታማም። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በስንቱ ቤት ራት ላይ ተረግሟል! እ.ኤ.አ. በ2016 ካና ቴሌቪዥን ሲከፈት ደግሞ የቱርክ ቤተሰብ ገበና በአማርኛ ተተርጉሞ ቡና ላይ ቀረበ። «ተው፣ እሷን አትመናት!» እያሉ ቴሌቪዥኑን የሚመክሩ እናቶች በየሰፈሩ ሞልተዋል። ምክር የሰማ ቴሌቪዥን ግን እስካሁን አልታየም።

ያም ሆኖ ቴሌቪዥን አንድ ደግነት አለው፤ ተመልካቹ አልቅሶ፣ ረግሞ፣ ራቱን በልቶ ይተኛል። ለአስናቀ ግፍ ተጠያቂው ራሱ አስናቀ ነው። የቪዲዮ ጌም ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ጥፋቱን አንሥቶ ተጫዋቹ አንገት ላይ ያስረዋል።

የጃፓኑ ባንዳይ በ1996 ያወጣውን ታማጎቺን ማየት ይበቃል። እንቁላል የሚያህል፣ በሦስት ቁልፍ የሚታዘዝ መጫወቻ ነው። ውስጡ ያለው ፍጡር ይርበዋል፣ ይታመማል፣ ይጸዳዳል፤ ጠራጊም ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ እየጮኸ ሲያስቸግር ትምህርት ቤቶች ከለከሉት፤ ሞግዚትነቱም ቢሮ ለሚውሉ ወላጆች ተላለፈ። ችላ ከተባለ ይሞታል። በጃፓኑ ዕትም ሲሞት መቃብርና መንፈስ ይታያል፤ ለአሜሪካ ልጆች በተላከው ግን መልአክ ይሆናል። ለቅሶ እንደየአገሩ ባህል ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የሳጥኑ ነገር ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ባወጣው «ፖርታል» ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ይዞት የሚዞር፣ በየጎኑ ልብ የተሳለበት ሳጥን አለ። አይናገርም፣ ዓይን የለውም፣ ካልገፉት አይነቃነቅም። ልቡም የተሳለበት ለፍቅር አይደለም፤ ጌሙ ሲሞከር ሰዎች ሳጥኑን እየረሱት ስላስቸገሩ ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ ኤሪክ ዎልፖ ለብቻው የተዘጋበት ሰው ከግዑዝ ዕቃ ጋር እንደሚወዳጅ በድሮ የመንግሥት የምርመራ ሰነዶች ላይ አንብቦ ስለነበር፣ ስለ ሳጥኑ ጥቂት ንግግር ጨመረበት። ዘዴው ሠራ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ።

ሳጥኑ ያለበት የጌሙ ክፍል ሲያልቅ ግላዶስ የተባለችው ኮምፒውተር ሳጥኑን እሳት ውስጥ ክተተው ትላለች። አልከትም ካለ በር አይከፈትም። ስንቱ ተጫዋች ግድግዳ ለግድግዳ እየዞረ ሌላ መውጫ ፈለገ፤ የለም። በመጨረሻ ጨክኖ ሲጥለው፣ ወዳጁን እንዲህ በፍጥነት ያቃጠለ ሰው ከዚህ በፊት አልታየም ብላ ታሽሟጥጠዋለች። ግማሽ ሰዓት ሲያመነታ ለቆየውም የምትለው ይህንኑ ነው! ሠሪዎቹ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። በመጨረሻው ፍልሚያ የግላዶስ ክፍሎች የሚቃጠሉት በእሳት ስለሆነ፣ ተጫዋቹ አስቀድሞ በምድጃው መጠቀም መልመድ አለበት። ያ ሁሉ ሐዘን፣ ለካ፣ የምድጃ ሥልጠና ኖሯል።

በ2011 የወጣው «ፖርታል 2» ሲያበቃ ጀግናዋ ነጻ ወጥታ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ወዲያው ተመልሶ ይከፈትና ልብ ያለበት ሳጥን ተለብልቦ፣ ጠቁሮ ይወረወርላታል። ቫልቭም የሳጥኑን ለስላሳ አሻንጉሊት ሰፍቶ ሸጧል። ገንዘብ ከፍለው አልጋቸው ላይ ያስቀመጡት እነዚያው ያቃጠሉት ሰዎች ናቸው።