ልጅ ሳይነኩ አባት የመሆን ጥበብ

መዛል ቶቭ! ልጁ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ የእርስዎ ጭንቀት ሦስት ኩንታል። አይዞዎት፤ በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና እየሠሩ ጨርሶ ሳይነኩት የሚያሳድጉበት መንገድ አለ።

ዋናው እጅዎን መውቀስ ነው። «እጄ ሻካራ ነው፤ እሰብረዋለሁ» ይበሉ። የኢንቴል ቺፕ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆኑ፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ያንን 30 ሴንቲ ሜትር የሲሊከን ዝርግ እንዳታበላሽ ነጩን ቱታ ከነኮፍያው፣ ከነጓንቱ እንዴት ተጠንቅቀው እንደሚለብሱ ያየ ሁሉ ዝም ይበል። ፋብሪካ ሌላ፣ ቤት ሌላ። እዚያ ለ12 ሰዓት ያልተንቀጠቀጠ እጅ የቤቱን ደጅ ሲረግጥ መንቀጥቀጥ አለበት።

ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ምርመራዎ አንድ ይሁን፦ «ርቦት ነው፤ ጡት ስጪው።» ሽንት ጨርቁ ሞልቶ ቢፈስም ርቦት ነው። ሆዱን አየር ነፍቶት የሚያስገሳው ትከሻ ቢፈልግም ርቦት ነው። እርስዎ ጡት ስለሌለዎት ጉዳዩ ተዘጋ።

ሒቱል (ሽንት ጨርቅ) የሚቀየርበት ሰዓት ከሥራ የሚደወልበት ሰዓት ነው። ሚሽመሬትዎ (የሥራ ፈረቃዎ) የሌሊት ከሆነ ቀን ይተኛሉ፤ የቀን ከሆነ ማታ ይተኛሉ። እሷ መቼ ትተኛለች የሚለው ሰንጠረዡ ላይ ስለሌለ አይመለከትዎትም።

ሕጉ ከወሊድ በኋላ አባት 5 ቀን ከሥራ እንዲቀር ይፈቅዳል። 5ቱንም ለብሪት ሚላው (ለግርዘቱ) አዳራሽና ለእንግዳ ጥሪ ያውሏቸው፤ በ8ኛው ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መሐል ይቁሙ። እናት ከ6 ሳምንት በኋላ ሥራ ብትገባ ቀሪውን የወሊድ ፈቃድ አባት ሊወስድ እንደሚችል፣ ገንዘቡንም ቢቱዋሕ ሌኡሚ (ብሔራዊ መድን) ለእሱ እንደሚከፍል ግን በሐፍሳካ (በዕረፍት) ሰዓት እንኳ አያንሡ። ወሬ እግር አለው፤ ቤት ይደርሳል።

ሲጨንቅዎ ወደ ጎንደር ይሽሹ። «በእኛ አገር አባት አራስ ቤት አይገባም!» እውነት ነው፤ የቤተ እስራኤል እናት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን በተለየች ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ሰንበትን በመኪና ቢሽሩም ይህችን አንዷን ሥርዓት አጥብቀው ይያዙ። ኧረ አንተ ሰው! እዚያ እኮ ምግብ የሚያደርሱላት የመንደር ሴቶች ነበሩ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን አላት? እናቷም ፋብሪካ ጽዳት ላይ ናት። ልጅቷ ከወለደች ጀምሮ ፀጉሯን አልታጠበችም፤ ተነሥና ልጁን ተቀበላት!

ይቅርታ፤ ወደ ምክራችን።

ጢፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ሲሄዱ መኪናው ውስጥ ይቆዩ። ተጎትተው ከገቡና ነርሷ ስለ ቫይታሚን ዲ ጠብታ ከጠየቀች፣ ሚስትዎን ይዩ።

ፎቶ ግን እንዳያመልጥዎ። ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ጠግቦ ሲተኛ ለአፍታ ይታቀፉትና «የአባቱ ልጅ» ብለው ፌስቡክ ላይ ይለጥፉ። ከነቃብዎ «አየሽ፣ እኔን አይወደኝም» ብለው ቶሎ ይመልሱላት። እሹሩሩ እያሉ ትንሽ መታገሥ አደገኛ ነው፤ ደረትዎ ላይ ዝም ካለ እኮ እናቱ አይታለች፣ ከእንግዲህ ማን ያስጥልዎታል?