የሞባይል ኔትወርክን ከመጽሐፍ ላለመማር

ስለ ሞባይል ኔትወርክ ወፍራም መጽሐፍ ጨርሰህ ምንም ሳይገባህ መቅረት ከፈለግህ፣ ከአምስተኛው ትውልድ ጀምር። የሁለተኛው ትውልድ ሥርዓት የሆነው ጂኤስኤም አርጅቷል በልና እለፈው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረው ይህ ሥርዓት ግን መሠረቱ ጎልቶ የሚታይበት ነው፤ እሱን የዘለለ አንባቢ ከዚያ በኋላ የሚገባበት ምዕራፍ ሁሉ ይጨልምበታል።

ቀጥለህ ከመጽሐፉ ጀርባ ያሉትን ምህጻረ ቃላት ሸምድድ። ቢቲኤስ፣ ቢኤስሲ፣ ኤምኤስሲ፣ ኤችኤልአር፣ ቪኤልአር እያልክ ውጣቸው፤ አንዲትም ጥያቄ እንዳትጠይቅ። ለምሳሌ ጎንደር ያለ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመጓዝ ላይ ላለ ወንድሙ ሲደውልለት ኔትወርኩ የት ብሎ ያገኘዋል? ይህን ከጠየቅህ ሳትፈልግ ትማራለህ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖም በዙሪያው ያሉትን ታወሮች ያዳምጣል፤ ወደ አዲስ የአካባቢ ክልል ሲገባም መድረሱን ራሱ ያሳውቃል። ኤችኤልአር የደንበኛውን ቋሚ መዝገብ ይይዛል፤ ደንበኛው አሁን በየትኛው ቪኤልአር፣ ማለትም በየትኛው ጊዜያዊ የአካባቢ መዝገብ፣ ሥር እንዳለም ያውቃል። ጥሪው ሲመጣ የዚያ ክልል ታወሮች በሙሉ ይጠሩታል፤ ስልኩም ባለበት ታወር በኩል “አለሁ” ይላል። አንድ ጥሪን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከተለ ሰው እነዚያን ፊደላት መሸምደድ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዳቸው በሥራቸው ይታወሱታል።

ዴሲቤልንም ዝለል። 3 ዴሲቤል ኃይልን እጥፍ፣ 10 ደግሞ አሥር እጥፍ እንደሚያደርግ ካላወቅህ፣ ስልክ የአንድ ሚሊዋት አሥር ቢሊዮንኛ በሆነ ሲግናል መሥራት መቻሉ አያስደንቅህም። እኔን ግን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሴል የሚባለውን የአንድ ታወር ሽፋን የሚያሳየውን ባለ ስድስት ጎን ሥዕል እንዳለ እመን። እውነተኛውን ሴል የሚቀርጹት ተራራው፣ ሸለቆውና ሕንፃው ናቸው፤ ስድስት ጎን ለስሌት የተመቸ የወረቀት ሥዕል ነው።

እርሳስና ወረቀት ከአጠገብህ አርቅ። በጂኤስኤም አንድ ሞገድ ለ8 ተጠቃሚዎች በየተራ ይከፈላል፤ የአንዱ ተራ 577 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ሩቅ ያለ ስልክ ሲግናሉ ዘግይቶ የሌላውን ተራ እንዳይረግጥ ቀድሞ እንዲልክ ይታዘዛል። ይህ ማስቀደም 63 ደረጃ አለው፤ አንዱ ደረጃ 550 ሜትር ያህል ርቀት ይሸፍናል። አባዛው፤ የአንድ ታወር መደበኛ ወሰን ለምን 35 ኪሎ ሜትር እንደሆነ በራስህ እጅ ታገኘዋለህ። ላለመማር የቆረጠ ሰው እንዲህ ያለውን ገጽ በዓይኑ ብቻ ያልፈዋል።

በመጨረሻም፣ የምታነበውን ከገዛ ስልክህ ጋር አታገናኝ። አጭር መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል በ7 ቢት ሲጻፍ 160 ፊደል ይገባበታል። የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ አንድ የአማርኛ መልእክት በ70 ፊደል ይሞላል። 160 ብሎ ብቻ የሚያልፍ መጽሐፍ የኛን ስልክ አላስረዳም።

በየታወሩና በየማዕከሉ የምትሠሩ መሐንዲሶች ሆይ፣ ሥራውን ታውቁታላችሁና ለጀማሪ የሚሆነውን መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉልን።