የክቡር ኪሎ ሜትር አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከክቡር ኪሎ ሜትር ጽሕፈት ቤት ለአቦምሳ ከተማና ለመርቲ ወረዳ ሴቶች የወጣ አዋጅ ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣበትን ሁኔታ ስለዘረዘረ፣ ይኸውም እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ሲመጣ፣ የሴቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ሲያጋልጥ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ ወይም እርጉዟ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ማሳደግ የማትችል ስትሆን፤ ይህም ሕግ ቦሌ ላይ ሲነበብና አቦምሳ ላይ ሲነበብ ቃሉ አንድ ሆኖ በመገኘቱ የክቡርነታቸውን ሥልጣን የሚጋፋ ስለሆነ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «ሪፈር» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፣ ትርጓሜ። «ጤና ኬላ» ማለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አገልግሎቱ የት እንዳለ የምትናገርበት እንጂ የማትሰጥበት ቤት ነው። «ጤና ጣቢያ» ማለት እስከ 12 ሳምንት ላለ እርግዝና አገልግሎቱን እንዲሰጥ የተፈቀደለት ተቋም ሲሆን፣ የሠለጠነችው አዋላጅ ነርስ ዓመት ፈቃድ ካልወጣች፣ ወደ አዳማ ካልተዛወረች፣ መድኃኒቱም ካላለቀ ይሠራል። «12 ሳምንት» ማለት አዳማ ላይ ረጅም፣ ገጠር ቀበሌ ላይ አጭር የሆነ ጊዜ ነው። ካለፈ ጉዳዩ የሆስፒታል ይሆናል።

አንቀጽ 3፣ ስለ ማስረጃ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 መሠረት ተደፍራ ያረገዘች ሴት ቃሏ በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አያስፈልጋትም። ክቡርነታቸው ይህን አይቃወሙም። እሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ማስረጃ ነው፦ የመኪና መሳፈሪያ፣ ለአባት የሚነገር ሰበብ፣ አሰላ ወይም አዳማ የሚያሳድር ዘመድ፣ ያውም ወሬ የማያወጣ ዘመድ። በእርሻ የቀን ሠራተኛ ከሆነች የቀረችበት ቀን ሒሳብም ይቆረጣል። የመርቲ ቲማቲም ድልህ ግን ያለ ሪፈር ወረቀት አዲስ አበባ ይገባል፤ ቆርቆሮውን «ለምን መጣህ?» የሚለው የለም።

(በትንሽ ከተማ ካርድ ክፍል የምትቀመጠው የአጎት ሚስት ብትሆንስ? አዋጁ ዝምታን መርጧል።)

አንቀጽ 4፣ ስለ ቁጥር። የጉትማከር ኢንስቲትዩት ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ከሚቋረጡ እርግዝናዎች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ2008 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 53 በመቶ ደረሱ። ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሱም። ያሻላቸው ቀጣዩ ገጽ ነው፦ በ2014 በአገር ደረጃ ከ1,000 ሴቶች 28 የነበረው የጽንስ ማቋረጥ መጠን አዲስ አበባ ላይ 92 ነበር። የመዲናዋ ሴት ከሌላው በሦስት እጥፍ ኃጢአተኛ ሆና አይመስልም። አገልግሎቱ ያለበት ከተማ ከሌላ ቦታ የመጣችውንም ያስተናግዳል።

አንቀጽ 5፣ ስለ ውጭ ግንኙነት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅድ ሕግ አላት፤ ከማህፀን ሐኪሞቿ ከግማሽ የሚበልጡት ግን ለህሊናችን አይስማማም ብለው አይሠሩም፤ በደቡቡ ክፍል ደግሞ ይብሳል። ክቡርነታቸው ለሮም የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ልከዋል።

አንቀጽ 6፣ ስለ ተሻሩ ሕጎች። ይህ አዋጅ የሻረው ሕግ የለም። መሻር አላስፈለገውም።

አንቀጽ 7። አዋጁ መንገዱ እስካለ ድረስ የጸና ይሆናል፤ ይግባኝ አይባልበትም ተብሏል። ይባልበታል እንጂ! ይግባኙ የሚቀርበውም በጀት ለሚይዙት ለወረዳውና ለአርሲ ዞን ኃላፊዎች ነው፦ በየጤና ጣቢያው የሠለጠነ ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን፤ ሚሶፕሮስቶል ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናትም የሚሰጥ መድኃኒት ነውና ከመደርደሪያው አይጥፋ፤ ወደ ሌላ ተቋም የምትላክ ሴት ካለችም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በአምቡላንስ ትላክ።