ቢገጩ አጥር ይግጩ

መኪና ስለገዙ እንኳን ደስ ያለዎ! ሊብሬው በስምዎ ዞሯል፣ ጎረቤት መርቆልዎታል፣ በጉ የሚታረድበትም ቀን ተቆርጧል። የቀረዎት አንድ ነገር ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን። ያለ እሱ መንገድ መውጣት ክልክል ነው፣ የዓመቱ ቦሎም አይታሰብም። ስለዚህ መግዛትዎ አይቀርም። እንዴት እንደሚገዙትና እንዴት አብረውት እንደሚኖሩ ግን የሚመክርዎ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ አለሁልዎ።

ከሁሉ አስቀድመው መድኑን የሚገዙት ለትራፊክ ፖሊሱ መሆኑን ይቀበሉ። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ስቲከሩን የፊት መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርገው ይለጥፉ፣ ቀኑ ከሩቅ ይነበብ። ወረቀቱን ግን አደራዎን አያንብቡት። ከሊብሬው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይክተቱት፣ የጎሚስታ ደረሰኝም ይጫኑበት። ያነበቡት እንደሆነ መኪናዎ ቢጨማደድ ሳንቲም እንደማይከፍልዎ ይደርሱበትና «ታዲያ ምን ሊያደርግልኝ ገዛሁት?» ብለው ያዝናሉ። የተገዛው እርስዎ ለሚጎዱት ሰው ነው። ያንን ሰው ገና አላገኙትም፤ ለማያውቁት ሰው ምን ያስጨንቅዎታል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ካሳ መደበ። ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000 ብር ሆነ። ለንብረት ግን እስከ 100,000 ብር ፈቀደ። ከዚህ የሚወጣው የአነዳድ መመሪያ ግልጽ ነው፤ ፍሬን እምቢ ብሎዎት በግራ ሰው፣ በቀኝ የብሎኬት አጥር ከታየዎት መሪውን ወደ አጥሩ ይጠምዝዙ። ይህን የምልዎ ለሰውየው አዝኜ እንዳይመስልዎት። በ2005ቱ ሒሳብ አጥሩ የተሻለ ዋስትና ስላለው ነው።

አጥርም ቢሆን ምርጫ ይጠይቃል። የቆርቆሮ አጥር ይመከራል። በእብነ በረድ የተለበጠ፣ በሩ በሪሞት የሚከፈት ግቢ ካጋጠመዎት ትንሽ ታግሠው ቀጣዩን ይጠብቁ። መኪና መግጨት ካማረዎትም አሮጌ ላዳ ይፈልጉ፤ እሱም እየጠፋ ስለሆነ ይፍጠኑ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ መንገዱን እየሞሉ ያሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን በሩቁ ይሽሿቸው። ከተጠራጠሩ ሶማሌ ተራ ጎራ ብለው የአንዷን የፊት መብራት ዋጋ ይጠይቁ፤ 100,000 ብር ሩቅ እንደማያስኬድ ሻጩ ሳይቆጣ ያስረዳዎታል።

ሰው መግጨት ግድ ከሆነብዎት ደግሞ ሳይገጩት በፊት መስኮትዎን ዝቅ አድርገው በትሕትና ጥቂት ጥያቄ ይጠይቁት። ዕድሜው ስንት ነው? የወር ገቢውስ? ስንት ልጅ ያስተምራል? እናቱን የሚጦረው እሱ ብቻ ነው ወይስ እህት አለችው? ሰውዬው ግራ ቢጋባም አይቀየሙት። ጥያቄው የመጣው በ1952 ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጥፋተኛ ሆኖ ባይገኝ እንኳ። ዳኛው ካሳውን የሚያሰላው ሟቹ ለቤተሰቡ ያስገባ የነበረውን፣ የተጎዳውም ከእንግዲህ የሚያጣውን እያየ ነው። መድን ድርጅቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል፤ የተረፈው ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። በያዙት የመድን ውል ላይ ያለው ጣሪያ ከ2005ቱ ከፍ ብሎ ካገኙት ደስ ይበልዎ። 2081 ግን ጣሪያ አልተሠራለትም።

«እኔ መቼ ነዳሁት!» ማለትም አያዋጣም። ቅዳሜ ከሰዓት የወንድምዎ ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ዙር ልዙርበት» ብሎ ቁልፉን ቢወስድ ባለዕዳው እርስዎ ነዎት። ሕጉ መኪናው መሰረቁን ላስረዳ ባለቤት ማምለጫ ይሰጣል፤ ስለዚህ ልጁን ሌባ ብለው መክሰስ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ወንድምዎ በበዓል ይጠራዎታል ወይ የሚለው የእኔ ሙያ አይደለም።

አይሱዙ ወይም ሲኖ ትራክ ገዝተው ለሹፌር የሰጡ እንደሆነ ከዚህ በላይ ያለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሕዝቡ የመጀመሪያውን «አልቃይዳ»፣ ሁለተኛውን «ቀይ ሽብር» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አረቦን የሚተምን ባለሙያ እንኳ እንዲህ አጥርቶ አይተምንም።

ስለ ሐዘን ብዙ አይስጉ። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ ሲጻፍ ይህ ገንዘብ ወግ ያለው ነበር፤ ዛሬ ለሠልስት የመጣውን ለቀስተኛ ቡና አያጠጣም። ያም ሆኖ ቁጥሩ ሕጉ ላይ እንዳለ ተቀምጧል። ከወጪዎ ሁሉ ርካሹ የሰው እንባ ነው።

የመድን ሻጩ ወኪል «ትንሽ ጨምረው የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከፍ ላድርግልዎ?» ቢልዎ ፈገግ ብለው ያሰናብቱት። ገንዘቡ ለወንበር ልብስ ያስፈልግዎታል።

ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ያባቶቻችን ወግ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሳያነሳ፣ መድን ድርጅቱም ሳይሰማ እዚያው አስፋልት ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ካሉ ድርጅቱ በኋላ «በማላውቀው ስምምነት ምን አገባኝ» ሊልዎ ይችላል። የመድን ውሎች ውስጥ ይህን የሚል ሐረግ በደቃቅ ፊደል አይጠፋም። አያንብቡ ያልኩዎት እኔ ነኝና ይህን ከእኔ ይስሙ።

ገጭቶ የማምለጥ ሐሳብ ሽው ካለብዎት ደግሞ አዋጁ ቀድሞዎታል። ገጪው ሳይታወቅ ቢቀር ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ ተጎጂውን የሚክሰው ለዚሁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ነው። ፈንዱ ከፍሎ ዝም አይልም፤ ገጪው በተገኘ ጊዜ ገንዘቡን ይጠይቀዋል። ለሸሹት የሚተርፈው እንግዲህ ዕዳውና ወንጀሉ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አረቦን የከፈሉለት ድርጅትም ገንዘቡን ይዞ ይቆያል። እንዲህ ያለ ለጋስነት ከእርስዎ አይጠበቅም።

አንድ ነገር ብቻ ያለ ቀልድ ልንገርዎ። ያው አዋጅ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሁሉ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አዟል፤ ለዚህም በ2005 እስከ 2,000 ብር መድቧል። የመንግሥትም ሆነ የግል የሕክምና ተቋም የመቀበል ግዴታ አለበት። ስለዚህ የተጎዳውን ሰው አስፋልት ላይ አስተኝተው ማን ይክፈል እያሉ አይከራከሩ። በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ያድርሱት፤ በር ላይ «መጀመሪያ ያስይዙ» ካሉዎት ግዴታቸው መሆኑን ይንገሯቸውና አብረውት ይግቡ።